ለልዑሉ የተቀመጥነው ለቅሶ

እኛ ዘንድ ማልቀስ ሆድ ስለባሰ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሰው መሞት አለበት፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን መሞቱ ብቻ አይበቃም፣ መሞቱ መነገር አለበት። ደግሞ ማንም ተነሥቶ አይናገረውም። ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ጎረቤት በጆሮ ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ፣ «እስቲ ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ» ተብሎ ነው መርዶ የሚነገረው። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱም፣ የእድሩ ድንኳንም፣ ንፍሮውም በየተራቸው ይመጣሉ። መርዶ ሳይነገረው ያለቀሰ ሰው ግን ወዮለት! ሟርተኛ ነው። በቁሙ ያለውን ሰው ገደለ ይባላል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ከእኔ አትሰሙትም። ዛሬ ያነሣሁት፣ ሁሉን ያሰበ ይመስለኝ የነበረው ይህ ሥርዓታችን አንድ ሰው ረስቶ እንደነበር ስላየሁ ነው።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ጂንካ ተወልጄ ጂንካ ያደግኩ ነኝ። እንግሊዝኛ የለመድኩትም ድሮ መሀል ከተማ በነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ኳስ እየተራገጥኩ፣ የሚወርደውን ፈረንጅ ሁሉ እየተከተልኩ ነው። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው፤ የትውልድ አገራቸውን ሲጠየቁ በእጃቸው አቅጣጫ ብቻ ነበር የሚያመለክቱት። እኔ የማውቀው ደጋ ከጂንካ በላይ ያለውን ነው፣ የማውቀው ቆላ ደግሞ ከቀይ አፈር ቁልቁል ያለውን።

እንግዶቼ ቀድሞ የሚመጡት ሰው ለማየት ነበር። ሰው ስላችሁ፣ ሰውን እንደ ሰው ማለቴ አይደለም፤ ከንፈሩን፣ ጠጉሩን፣ ገላው ላይ የተቀባውን ነው። ካሜራቸውን ደግነው ይወርዳሉ፣ ያነሣሉ፣ ይመለሳሉ። ስም እንኳ የማይጠይቁ ነበሩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያፍሩ የነበሩት እነሱ ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ፤ በኋላ ግን ሐፍረቱንም ለመድኩት። ታዲያ አንድ ሰሞን ሌላ ዓይነት እንግዳ ይመጣ ጀመር። እነዚህኞቹ ሰው ማየት አይፈልጉም። የሚመጡት ሊያለቅሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባሕር ማዶ ፊልም ሠሪዎች ዕቃቸውን በከባድ መኪና አስጭነው ወይጦ ወረዱ። ወይጦን ለማታውቁ፣ ከኮንሶ ወደ ጂንካ ስትመጡ ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ የምታገኟት፣ ሙቀቷ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከጎናችሁ የሚቀመጥ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። እኛ የምንሸሸውን ሙቀት እነሱ ወደዱት። የሚሠሩት ተረት ተረት የሆነ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ወንዙ ሽቅብ የሚፈስበት መንግሥት፣ ጥላቸውን የሸጡ ሰዎች፣ ድንጋይ የምታነጋግር ንግሥት፣ ምን የሌለበት አለ! ስሙን አልጠራላችሁም፤ ምላሴ አይዞርልኝም። የአካባቢውን የፀማይ ከብት አርቢዎች ሰብስበው ጥቁር ካባ አለበሱና የንጉሥ ጦር አደረጓቸው። ከወታደሮቹ አንዱ ኦይታ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ካባውን ሲያወልቁ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ «በዚህ ፀሐይ ይኼን ለብሶ የሚዋጋ፣ ጠላት ምን ይሠራለታል?» አሉኝ።

ድራማው ውስጥ አንድ ልዑል አለ። ደግ ነው፣ መልከ መልካም ነው፣ እናቱ ንግሥቲቱ ትሳሳለታለች። ይህ ልዑል ወንዝ ሲሻገር ከጀርባው ተወግቶ ይሞታል። የቀበሩትም ከወይጦ ወጣ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ግራር ያለበት ጉብታ ላይ ነው። መቃብሩ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ነጭ ፎም ነው፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ። አናቱ ላይ የእንጨት ጎራዴ ተሰክቷል። ቀረጻው ሲያልቅ ካባቸውን ሰበሰቡና መቃብሩን ትተውልን ሄዱ።

ከዚያ ጉድ መጣ። ድራማው ዓለምን አዳረሰ፣ ልዑሉ ሲሞት ያላለቀሰ የለም፣ ያለቀሰው ሁሉ ደግሞ መቃብሩን ካላየሁ አለ። የኛም የቱሪዝም ቢሮ አልተኛም፤ «የፊልም ሳይት» የሚል ታፔላ አቆመ፣ «ፖቴንሻሉ ከፍተኛ ነው» ተብሎ ስብሰባ ተቀመጠ፣ ኦይታም የመቃብሩ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ከእጃቸው የማትለየዋን በርኮታ፣ ያቺን የእንጨት መቀመጫ፣ ግራሩ ሥር አኑረው ይውላሉ። መጀመሪያ ያመጣሁት እንግዳ በጣም ረጅም ሰውዬ ነበር። ጉብታው ላይ ወጣ፣ ተንበረከከና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ኦይታ ጠጋ አሉኝ።

«ይኼ ሰው ወንድሙ ነው?»

«አይደለም።»

«አጎቱ ነው?»

«ዘመድም አይደለም። በቴሌቪዥን ነው የሚያውቀው።»

በጣታቸው ቁልቁል ጠቆሙ። «ከታች ማነው ያለው?»

«ማንም የለም።»

ወደ መቃብሩ የተጠጋችውን ፍየል በጠጠር አባረሩና በርኮታቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ግን ጂንካ ገብቼ ይህን ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ አወራሁት፣ ስንትስ ሳቅን! ፎም ላይ የሚያለቅስ ሰው፣ በሉ እስቲ እናንተስ ባትስቁ።

አሁን እትዬ ዘውዴን ላስተዋውቃችሁ። ወይጦ ላይ የምናርፈው እሷ ምግብ ቤት ነው፤ ሽሮዋን ያልቀመሰ ሾፌር በዚያ መንገድ የለም። ቤተሰቦቿ እንደኔዎቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ብትበልጠኝም እንደ እህቴ ስለማያት አንቺ ነው የምላት። አንድ ልጅ ነበራት፣ ጌታሁን። ነበራት ማለቴን እሷ ብትሰማ አትምረኝም። ጌታሁን የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ሳቂታ፣ ጎማ ሲቀይር እንኳ የሚዘፍን። ደቡብ አፍሪካ ሄጄ ሱቅ እከፍታለሁ ብሎ በሞያሌ ወጣ። ከኬንያ ደወለ፣ ከታንዛኒያ ደወለ። በመጨረሻ ስሙን በደንብ ካልያዘችው ቦታ ደውሎ፣ «እማ፣ ነገ ወንዝ እንሻገራለን፤ ተሻግሬ እደውላለሁ» አላት። አልደወለም።

ልብ አድርጉልኝ፣ ሞተ ያለ ሰው የለም። አብረውት የሄዱት አልተገኙም። ሬሳ የለም፣ ያየ የለም፣ ስለዚህ መርዶ የለም፤ መርዶ ከሌለ ደግሞ ለቅሶ የለም። ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ። ወይጦ በልቡ ልጁን ከቀበረው ቆይቷል፣ ለእናቱ ግን «ይመጣል፣ ምን አለ በይኝ» ይላታል፤ ይህን ሲላት ዓይኗን አያይም። እሷም የሰው ፊት ማንበብ ለመደች። ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ ሰላም ከማለቷ በፊት ፊቱን ትመረምራለች፤ መርዶ አፍ ላይ ከመድረሱ በፊት ፊት ላይ እንደሚታይ ታውቃለች። የሰው ለቅሶ መሄድም ተወች። እዚያ ተቀምጣ ትንሽ ድምጿን ከፍ ካደረገች፣ «የልጇን ነው የምታለቅሰው፣ ተስፋ ቆርጣለች» ሊባል ነው። እናትየዋ ራሷ ቆረጠች ከተባለ ደግሞ አለቀ፣ ልጁን የገደለችው እሷ ናት። እና ሰው ሁሉ ሐዘኑን በሚያወጣበት አገር፣ እሷ ብቻ ዋጥ አድርጋ ሽሮ ታቀርባለች።

አንድ ቀን ከመቃብሩ መልስ እንግዶቼን ይዤ ቤቷ ገባሁ። መሀላቸው አንዲት ቀይ ጠጉር ያላት ወጣት አለች፤ ዓይኗ አብጦ ደም መስሏል። እትዬ ዘውዴ እንደ ልማዷ ፊቷን አየችና ደነገጠች።

«ምን ሆና ነው?»

ቀልደኛ ነኝ አይደል! «ለቅሶ ደርሳ መምጣቷ ነው፣ እትዬ» አልኳት።

ሰሐኑን አስቀመጠች። «ለቅሶ? እዚህ ወይጦ? ይኼን ሁሉ ለቀስተኛ በደጄ ስታመላልስ አንድ ቀን አትነግረኝም? ደምሴ፣ አንተ ሰው አይደለህም!»

ሳቄን ይዤ ሁሉንም አስረዳኋት። ፎሙን ነገርኳት፣ ጎራዴውን ነገርኳት፣ ቴሌቪዥኑን ነገርኳት። ልዑሉ ወንዝ ሲሻገር እንደሞተም ነገርኳት። እዚህ ላይ አቋረጠችኝ።

«እናቱስ?»

«የማን እናት?»

«የልጁ ነዋ።»

«እትዬ፣ ድራማ ነው እኮ እያልኩሽ!»

«ድራማም ይሁን። የሰው ልጅ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ደጄ ላይ እያለቀሰ፣ እኔ ሽሮ አቅርቤ ዝም ልበል? ነውር አይደለም እንዴ?» ጓዳ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

ምን አደርጋለሁ? መኪናውን አዙረን ተመለስን። ፈረንጆቹ ግራ ገብቷቸዋል፣ እኔ አፍሬያለሁ፣ ሾፌሩ በመስተዋቱ እያየኝ ይስቃል። እትዬ ዘውዴ ጉብታው ላይ ወጣች፣ ለኦይታ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች፣ ከፎሙ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ባለ ቀይ ጠጉሯም መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚያ እትዬ ዘውዴ ደረቷን በቀስታ እየመታች፣ ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማነውን ድምጽ አወጣችው፤

«ልሻገር ነው ብሎ ደውሎልኝ ነበረ፤
ወንዙ ምን ቢሰፋ ይህን ያህል አደረ?»

ሾፌሩ መሳቁን ትቶ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ልጅቷ አንድ ቃል አልገባትም፣ ግን የእትዬን እጅ ይዛ አብራት አለቀሰች። ኦይታ ከበርኮታቸው ተነሥተው ቆሙ፤ ያን ቀን ከታች ማን እንዳለ አልጠየቁኝም። እኔም ያን ቀን ጂንካ ስገባ ለጓደኞቼ የማወራው ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ይዤ በመጣሁ ቁጥር ነጠላዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሟርተኛ የሚላት የለም፤ እሷ የፈረንጆቹን ለቅሶ ነው የደረሰችው፣ ለእንግዳ ደግ መሆን ደግሞ መቼም አያስወቅስም። እያደር ጎረቤቶቿም «ዘውዴ ብቻዋን አትሂድ» ማለት ጀመሩ። መኪናው ሲጠባቸው በእግራቸው ይከተላሉ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ግራሩ ሥር ይቀመጣል፤ ሲነሡም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚሉት ለፈረንጇ ሳይሆን ለእሷ ነው። ማን እንደሚለቀስ ሁሉም ያውቃል፣ አንድም ሰው ግን አልተናገረም። እንግዶቼ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሲያዩ ድራማው በኛ አገር እንዲህ የተወደደ ይመስላቸዋል፤ እኔም አላረምኳቸውም።

እትዬ ዘውዴ ሰው ሆነች። በላች፣ ተኛች፣ ፊቷ ተመለሰ። አንድ ቀትር ላይ ሽሮዬን አቅርባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ደምሴ፣ መንገድ ማየት ደከመኝ። ልጄን ልቅበረው።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ።

«ማንም መርዶ አይነግረኝም፤ ሊነግረኝ የሚችልም የለም። እንግዲህ ለራሴ ራሴ ልንገረው። ለእድሩ ዳኛ አንተ ተናገርልኝ፣ እኔ አፌ እሺ አይለኝም።»

ተናገርኩላት። እድሩ ተሰበሰበ፤ ሰው ለራሱ መርዶ ሲነግር ማን ሰምቶ ያውቃል ተባለ፣ ደንባችን ውስጥ የለም ተባለ፣ ሬሳ ሳይኖር እንዴት ተባለ። ዳኛው በመጨረሻ፣ «ሬሳ በሌለበት ከዘውዴ ጋር ጉብታው ላይ ስናለቅስ የከረምነው እኛው አይደለንም እንዴ?» ሲሉ ሁሉም አቀረቀረ። እሁድ ድንኳኑ እንዲተከል ተወሰነ። ወይጦ እፎይ አለ። እናንተ በለቅሶ ደስ የሚለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ግን ደስ አለኝ።

እሁድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባለ ቀይ ጠጉሯ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ተመልሳ መጣች። መንገድ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ሲንጫጩ ነበር፣ ጆሮ አልሰጠኋቸውም። ወይጦ እንደቆምን ከመኪናው ዘላ ወርዳ እትዬ ዘውዴን አቅፋ ከመሬት አነሣቻት። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጮሃለች። የምትለው ገባኝ። የድራማው አዲስ ሲዝን ወጥቷል። ልዑሉ ተነሥቷል።

«ምንድነው የምትለው?» አለችኝ እትዬ።

ልጅቷ የእኔን ትርጉም አልጠበቀችም። ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ያው ጉብታ ነው፣ ያው ግራር፤ እዚህ ሳይመጡ በኮምፒውተር አስመስለው ሠርተውታል። ድንጋዮቹ ይነቃነቃሉ። እጅ ይወጣል። ከዚያ ልዑሉ አሸዋውን ከጠጉሩ እያራገፈ ብድግ ይላል፣ እናቱም ከሩቅ እየሮጠች መጥታ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። እትዬ ዘውዴ እያንዳንዷን ድንጋይ ታውቃታለች፣ ስታለቅስባት ከርማለች።

«ይኼ የኛው መቃብር አይደለም?»

«ነው እትዬ፣ ግን...»

«ስናለቅስለት የከረምነው ልጅ አይደለም?»

«ነው፣ ግን ድራማ...»

እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ፈረንጆቹ በደስታ ጨፈሩ፣ እሷም የልጅቷን ጉንጭ ይዛ ደጋግማ ሳመቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋን ፈትታ እንደ ደህና ቀን አጣፋችው።

«ድንኳኑን ተዉት በላቸው» አለችኝ። «እኔ እብዷ! የተቀበረው እየተነሣ ያልተቀበረውን ልቀብር ነበር እኮ!»

ድንኳኑ አልተተከለም። ለእሁድ የተዘጋጀው ንፍሮ ለሰፈሩ ልጆች ታደለ። ተናድጄ ነበር፣ አልዋሻችሁም፤ በዚያ ሩቅ አገር ጠረጴዛ ከበው «እናስነሣው» ያሉትን ሰዎች አግኝቼ ልጮህባቸው ተመኘሁ። ተመልካቹ ሞቱን አልቻለውም ነበር አሉ፣ ብዙ ለምኗቸው ነው አሉ። እነሱ አንድ ሐዘን ከብዷቸው መለሱት። እኛ አንድ ሐዘን በስንት መከራ አግኝተን ነበር።

የተነሣን ሰው መቃብር ማን ያያል? እንግዶቹ ቀሩ። ልዑሉ አሁን የሚዞረው ሌላ አገር፣ በረዶ ላይ ነው፣ እነሱም ወደዚያው ሄዱ። ታፔላው ወደቀ። ፎሙን ንፋስ ቆራርሶ እሾህ ላይ በተነው። የኦይታም ጥበቃነት ቀረና ወደ ከብቶቻቸው ተመለሱ። አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ «ከታች ማንም የለም ብለህ ነግረኸኝ ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ማነው የተነሣው?»

በቀደም ወደ ቱርሚ የማደርሰው አንድ እንግዳ፣ ያን ድራማ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ አለኝ። ልዑሉስ ስለው፣ ሞተ አለኝ። አሁንስ የእውነት ነው፤ አቃጥለው አመዱን ባሕር ላይ በትነውታል፣ ከእንግዲህ አይነሣም። እንዲህ ብሎ መስኮቱን ከፍቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። መርዶው እኔ እጅ ገባ ማለት ነው። የትኞቹን ሽማግሌዎች ልሰብስብ? ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቼ የማንን ልጅ ሞተ ልበል? ብነግራት ወይ ያን ለቅሶዋን እመልስላታለሁ፣ ወይ የቀራትን እወስድባታለሁ፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ስንመለስ ለምሳ ወይጦ ቆምን። እትዬ ዘውዴ ምድጃው ዘንድ ነበረች።

«ደምሴ፣ ያ ልጅ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ።»

«እናቱ ጋ ነው?»

«እናቱ ጋ ነው።»

«እሰይ» አለች። «የኔም ይመጣል።»

«ይመጣል፣ ምን አለ በይኝ» አልኳት።

ድሮ ከመኪና ስወርድ ከሰላምታ በፊት ፊቴን ነበር የምታየው። አሁን ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽሮውን እያማሰለች ነው የምትጠይቀኝ። ዞር አትልም።